ለደንበኞቻችን፦ "መጀመሪያ ብረት፣ ከዚያ ሩጫ" ስላልንበት ጉዳይ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ካለፈው ሳምንት ወዲህ ፊታችሁ ስለተቀየረብኝ ነው። ሰላም ትሉኛላችሁ፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሁለት ሰዎች ወራቸው ሲያልቅ እንደማያድሱ ጂሙ ውስጥ ለሚሠሩት ልጆች ነግረዋል። ቴሌግራም ላይ የተጻፈውንም አይቻለሁ። "ለመብራት ቆጥቦ ነው" የምትለዋን ደግሞ ሁለቴ አነበብኳት።

ነገሩን ያመጣችው ከትሬድሚሎቹ፣ ከመሮጫ ማሽኖቹ፣ በላይ የለጠፍናት ወረቀት ናት። ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብረትም ሩጫም የሚሠራ ሰው ብረቱን ያስቀድም፣ ከብረት በፊት ትሬድሚል ላይ የሚቆየው ለማሟሟቂያ 10 ደቂቃ ብቻ ነው ትላለች። በቃ። ምክንያቱን አልጻፍንባትም። የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ ማታ የሆነው ግን ከወረቀቷም የባሰ ነው። አንዲት እህታችን 22ኛው ደቂቃ ላይ እየሮጠች ሳለ አንዱ ልጃችን ቀዩን የማቆሚያ ገመድ ነቀለባት። ያን ቀን ብረት የመሥራት ሐሳብም አልነበራት፤ ልጁ ሳይጠይቅ ነው። ደግነቱ አልወደቀችም። ለእሷ በግል ነግሬያታለሁ፤ እዚህም በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስለ ወረቀቷ ሐሳብ ግን ይቅርታ አልልም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ትንሽ ይረዝማል።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጬ ደረሰኝ ስቆርጥ ነው። ከዚያ በፊት እኔም እንደ ሰፈሬ ልጆች የዱቄት ወተት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልቼ፣ በውሃ ቧንቧ አያይዤ ነበር የምገፋው። አንደኛው ጣሳ ከሌላው ይከብዳል፤ የቀኝ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። አሰልጣኝ የሚባል ነገር የለም። ጎህ ሲቀድ ከጎፋ እስከ መስቀል አደባባይ እንሮጣለን፣ ደረጃውን እየወጣን እንወርዳለን፣ ሮጠን እንመለሳለን፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጣሳችን። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። የጨመረው ላቤ እንጂ ጉልበቴ አልነበረም። የማነሳው ያንኑ ጣሳ ነው። ሰነፍ ነኝ ብዬ አስብ ነበር እኮ።

ሰነፍ አልነበርኩም። ወደ ጣሳው የምደርሰው አልቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠንከር ያለ ብረት ስትሠሩ ጡንቻችሁ የሚበላው በውስጡ ያጠራቀመውን ስኳር ነው፤ ግላይኮጅን ይሉታል። ፈጠን ያለ ሩጫም የሚዝቀው ከዚያው ጎተራ ነው። 40 ደቂቃ ሮጦ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) የሚጀምር ሰው ጎተራውን አጉድሎ ነው የሚጀምረው። ችግሩ ደግሞ ስንቅ ብቻ አይደለም። የደከመ እግር አቋም መያዝ ያቅተዋል። ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወገብ ይጎብጣል። ያ ሰው የዚያን ቀን ምንም ላይሰማው ይችላል። በማግሥቱ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ሲል ነው የሚነግረው።

ወረቀቷን ያስለጠፈኝን ማታ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል፤ ንገርላቸው ብሎ ፈቅዶልኛል። ከሥራ መጥቶ 45 ደቂቃ ሮጠ። ቲሸርቱ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ውሃ እንኳን ሳይጠጣ ቤንች ላይ ተጋደመና ሁልጊዜ የሚያነሳትን 60 ኪሎ አወረደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ብረቱ ደረቱ ላይ ቀረ። እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ድምፅ የለውም፣ እግሩ ብቻ ወለሉን ይመታል። እኔ የሰማሁት የጫማውን ድምፅ ነው። ዘልዬ ደርሼ ሁለት ሆነን አነሳንለት። ደረቱ ላይ የቀረችውን ቀይ መስመር ሳይ የራሴ ጉልበት ከዳኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያቺ 60 ኪሎ እኮ ሳይሮጥ ስምንቴ የሚገፋት ናት።

"ይህ የአንተ ግምት ነው" ያላችሁኝ አላችሁ። እሺ። በ1980 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሂክሰን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፍሎ 10 ሳምንት አሠራቸው። አንዱ ቡድን ብረት ብቻ፣ ሁለተኛው ሩጫና ብስክሌት ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም። ሁለቱንም የሠሩት እስከ 7ኛው ሳምንት ገደማ ጉልበታቸው ጨመረ። ከዚያ ቆመ። 9ኛውና 10ኛው ሳምንት ላይ ጭራሽ ወረደ። እውነቱን ለመናገር እነዚያ ሰዎች በሳምንት 5 ቀን ብረት፣ 6 ቀን ደግሞ ሩጫና ብስክሌት ነው የሠሩት፤ ከእኛ መሐል እንዲህ የሚሠራ የለም። ጥናቱም ስለ ቅደም ተከተል አልነበረም። ብረትና ሩጫ እንደሚሻሙ ግን አሳየ። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉን ራሱን ያጠኑ መጡ። ጉልበት ለሚፈልግ ሰው፣ በተለይ ለእግር፣ ብረት ቢቀድም ይሻላል የሚለው ነው ሚዛን የደፋው።

ቦርጭ ለማጥፋት የምትመጡትስ? እዚህ ላይ አልዋሻችሁም፤ ብታስቀድሙትም ብታስከትሉትም ያን ያህል ለውጥ የለውም። አንዳንድ አሰልጣኝ "ብረት ካስቀደምክ ሩጫው ስብ ብቻ ነው የሚያቃጥለው" ይላችኋል። እኔ ይህን ብዬ ወረቀት አልለጥፍም። ቦርጭን የሚወስነው በሳምንት የምትሠሩት ድምርና ማታ ቤት ስትገቡ ሳህኑ ላይ ያለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። የትኛው ይቅደም አይልም። የብዙዎቻችሁ ችግር ግን ያ 2 ቀን ነው። 50 ደቂቃ ሮጣችሁ ትደክማላችሁ፣ ብረቱን "ነገ" ትላላችሁ፣ ሻወር ትገባላችሁ። በሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ አያለሁ። ሩጫን ግን ማንም ረስቶ አይሄድም፤ ሲወደድ።

አንድ ጋሼ የምላቸው ደንበኛችን "የኃይሌና የደራርቱ አገር ሰው ሩጫ ይከለከላል ወይ?" ብለው ተቆጡኝ። ጋሼ፣ ማን ከለከለ? ለሩጫ የሚዘጋጅ ሰው ሩጫውን ያስቀድም፤ ለእሱ ሕጉ ተገላቢጦሽ ነው። ኅዳር ላይ ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር የምትዘጋጁ ለልጆቹ ንገሯቸው፣ ስማችሁን ጽፈው ይተዋችኋል። ሐኪም ለስኳር ወይም ለደም ግፊት ርምጃ ያዘዘላችሁም እንደዚያው። ሩጫ ብቻ የምትሠሩትን ወረቀቷ አትመለከታችሁም። ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ደግሞ ማንም በፈለገው ይጀምር። ይህ ሁሉ ወረቀቷ ላይ መኖር ነበረበት። የለም። አዲሷ ላይ ይኖራል።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ፤ ይቺ ነገር ቅር ብላኛለች።

ሩጫው ቢቀድምም ቢከተልም ቆጣሪው ያው ነው የሚቆጥረው። 40 ደቂቃ 40 ደቂቃ ነው። በዚህ ምን እቆጥባለሁ? የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው፤ የእናንተም ቤት ይመጣል፣ ታውቁታላችሁ። ግን ለመብራት ብዬ ሰው ከማሽን የማወርድ ሰው አይደለሁም። በኮሮና ጊዜ በሬን ስዘጋ "ጂሙ እንዳይሞት" ብላችሁ ሳትሠሩ የሁለት ወር የከፈላችሁ አላችሁ። ስማችሁ ደብተሬ ላይ አለ። ያንን የበላ ሰው አይክዳችሁም።

ደግሞም ገንዘብ ምንም አላገባውም አልልም። አምስት ትሬድሚል አለን፤ የሚሠሩት ሦስቱ ናቸው። የአንዱ ቦርድ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ። የሌላው ቤልት፣ የሚሮጥበት ጎማ፣ ተበልቶ አለቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዱባይ በሰው የማስመጣው ቤልት በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ። የቤት ኪራዩን ተዉት፤ እሱን ከጻፍኩ ደብዳቤው አያልቅም። ከዚያ ወዲህ እናንተ ላይ የጨመርኩት አንዴ ብቻ፣ 300 ብር ነው። ስጨምርም ሁለት ወር አስቀድሜ ነው የነገርኳችሁ። ሰፈራችን ውስጥ ያለውን ዋጋ ጠይቁ።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ የሚወጣው ሁሉ ሦስቱ ትሬድሚል ላይ ይሰለፋል። ቤንቾቹ ባዶ ናቸው። 1 ሰዓት ላይ ሰዉ ተነቅሎ ቤንች ላይ ይሰለፋል፣ ትሬድሚሎቹ ባዷቸውን ይቆማሉ። ብረት የሚሠራበት ቦታ አሥራ አንድ ነው፤ ሰዉ ከዚያ ቢጀምር ለሁሉም ይበቃል፣ የሚጨርሰውም በተለያየ ሰዓት ስለሆነ ትሬድሚሉ ላይ ግፊያ የለም። ወረፋ ይዞ የተጣላ ሰው ማስታረቅ ሰልችቶኛል፤ ይህንንም አልደብቅም።

ጂሙን በ2004 ዓ.ም. ስከፍት አንድ ክፍል፣ ሁለት ቤንችና አንድ ያገለገለ ትሬድሚል ነበረኝ። ያኔ ከመጡት ዛሬም የሚመጡ አሉ፤ አንዷ አሁን ልጇን ይዛ ነው የምትመጣው። ልጅቷ ስትወለድ ዶሮ ይዤ ጠይቄያታለሁ። ለእኔ ጂሙ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ለዚህ ነው "ለመብራት ቆጥቦ ነው" የምትለዋ ነገር እንደ ቀላል ያላለፈችልኝ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እስከ ፋሲካ ሞክሩት። ባንኮኒው ላይ ባለመስመር ደብተር አስቀምጣለሁ። ብረት ስታስቀድሙ ስንት ኪሎ፣ ስንት ጊዜ እንዳነሳችሁ ጻፉ። አንድ ደንበኛችን ስኳት ላይ አምስት ወር 50 ኪሎ ላይ ቆሞ ነበር። ቅደም ተከተሉን ከገለበጠ በሁለት ወሩ 60 ገባ። የእሱ ነው፤ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ፋሲካ ላይ ደብተሩን አብረን እናየዋለን። ለውጥ ከሌለው ወረቀቷን በእጄ አነሳታለሁ።

አናድስም ያላችሁት ሁለቱ፣ ወራችሁ ቢያልቅም እስከዚያ በነፃ ግቡ። እኔ ከምለው የራሳችሁን ሰውነት ስሙት። ቅዳሜ ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ነኝ፤ ሻይ አለ፣ መጥታችሁ ፊት ለፊት ተቆጡኝ። ከቴሌግራም ይሻላል።

ቤልቱ በዚህ ወር መጨረሻ ይገባል ተብያለሁ። አራተኛው ትሬድሚል ሲነሳ የመጀመሪያው ሩጫ የዚያች እህታችን ነው፣ በፈለገችው ሰዓት፣ የፈለገችውን ያህል። ቀዩን ገመድ እሷው ትያዘው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጂማችሁ ባለቤት