ኦስቦርን ቤት ስለገባው የሰባት ዓመት ልጅ

ለብሪታኒያ የባህል፣ ሚዲያና ስፖርት ሚኒስትር
ለንደን

የተከበሩ ሚኒስትር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ ለማንበብ አስተርጓሚ መጥራትዎ አይቀርም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። በአማርኛ የጻፍኩት ግን ሆን ብዬ ነው። በ1868 የንግሥት ቪክቶሪያ መኖሪያ ወደነበረው ኦስቦርን ቤት የገባ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ፣ ይናገር የነበረው ይህንኑ ቋንቋ ነው። ዓመታቱን እንኳ እንደ እናንተ አቆጣጠር አድርጌልዎታለሁ።

ንግሥት ቪክቶሪያና ባላቸው ልዑል አልበርት ኦስቦርንን የገዙት በ1845 ነው። በደቡብ እንግሊዝ ዋይት ደሴት ላይ፣ ሶለንት የሚባለውን ባሕር ፊት ለፊት የሚያይ ቦታ ነው። የነበረው ቤት ለቤተሰቡ ጠበበና ፈረሰ። መግቢያው ግን አልተጣለም፤ በግንብ ለታጠረው የአትክልት ቦታ በር ሆነ። እኔ ከግቢው ሁሉ የምወደው ይህንን በር ነው። ቤት ፈርሶ በሩ ሲተርፍ ያየ አበሻ ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

አዲሱን ቤት አልበርት ራሳቸው አሰቡት፤ ቶማስ ኩቢት ገነባው። ኩቢት ከአናጢነት ተነስቶ የለንደንን ትልልቅ ሰፈሮች የሠራ ተቋራጭ ነው። ባሕሩ ለአልበርት የኔፕልስን ወሽመጥ ያስታውሳቸው ነበር። ስለዚህ ቤቱ የጣሊያን ቪላ መልክ ያዘ፤ ሁለት ማማ፣ ወደ ባሕሩ ደረጃ በደረጃ የሚወርዱ እርከኖች፣ ፏፏቴና ሐውልት። ከሩቅ ሲያዩት የተጠረበ ድንጋይ ነው። ጠጋ ሲሉ ጡብ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ! ቤተሰቡ የሚኖርበት ክፍል በ1846 አለቀ፤ ጠቅላላው በ1851።

ከቤቱ ራቅ ብሎ ደግሞ ለልጆቹ የተሠራው የስዊስ ጎጆ አለ። ዘጠኙም የየራሳቸው የአትክልት መደብ ነበራቸው። የስማቸው መነሻ ፊደል የተጻፈበት የእጅ ጋሪም ነበራቸው። ያበቀሉትን አትክልት አባታቸው በገበያ ዋጋ ይገዟቸው ነበር። የንግሥት ልጅ መሬት ቆፍሮ ለአባቱ ጎመን ሲሸጥ ይታይዎት።

አልበርት በ1861 መጨረሻ አረፉ። በዚያው ዓመት ነው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ የተወለደው። ኤፕሪል 13 ቀን 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር አባቱ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ጠረፍ ሲወርዱ መንገድ ላይ አረፉ። ጁላይ ላይ ልጁ ኦስቦርን ነበር። ይዞት የሄደው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ ያሉት፣ አማርኛ የሚችለው ሎጋ ሰው። ንግሥቲቱ ልጁን ወደዱት፤ ስለ መልኩም በማስታወሻቸው ጻፉ። በዚያው ደሴት በሌላው ጫፍ፣ ፍሬሽዋተር ላይ፣ ፎቶ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አነሳችው። ያን ፊት አንዴ ያየ አይረሳውም።

በ1879 ሊድስ ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዊንድዘር ተቀበረ። አፅሙ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ በ2023 የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም። እሱ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ዛሬ የመጣሁት በቤቱ ጉዳይ ነው።

የቪክቶሪያ ልጅ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ቤቱን በ1902 ለሕዝብ ሰጥተዋል። የሕዝብ ከሆነ እኔም የምለው አለኝ። ቤቱ የሩቅ አገር ሰው ማስተናገድ ያውቅበታል። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በሕንድ ስልት የተሠራውን የደርባር አዳራሽ ይመልከቱ፤ ያን የመሰለ የልስን ጌጥ የነደፈው ከላሆር የመጣው ባህይ ራም ሲንግ ነው፤ ስሙም ከአዳራሹ ጋር ይነሳል። ዓለማየሁ በእርግጥ የሠራው ግድግዳ የለም። በሰባት ዓመቱ ምን ይሥራ?

እና የምለምነው ይህ ነው። የግንባታው ታሪክ ሲተረክ ከ1851 ወደ ደርባር አዳራሽ ሲሻገር 1868 ላይ ቆም ይበል። ለብቻው ጥግ ተፈልጎለት ሳይሆን፣ የልጆቹ መደብና ጋሪ በሚወራበት እዚያው ይወራ። ጽሑፉ በአማርኛም ይሁን፤ ሁለት አንቀጽ ይበቃል። ተርጓሚ ከቸገራችሁ ለንደን ውስጥ ሞልተናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦስቦርን እርከን ላይ አንድ ቁጥቋጦ አለ። የአልበርት አያት ለንግሥቲቱ ከሰጧቸው እቅፍ አበባ የተተከለ ነው። ከ1858 ጀምሮ ለንጉሣውያን ሙሽሮች ዘለላ ይቆረጥበታል። እናንተ ሚርትል ትሉታላችሁ። እኛ አደስ እንለዋለን፤ እናቶቻችን የፀጉር ቅቤ የሚቀምሙበት ተክል ነው። ከዚያ አንዲት ቅርንጫፍ ተቆርጣ ከልጆቹ መደብ አጠገብ በዓለማየሁ ስም ብትተከልስ? ወጪው የአንድ አትክልተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ