«ሪዛይን» ላይ ኤስ አልጎደለም

ውድ የጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የእንግሊዝኛ መማሪያ አምዳችሁ ላይ «ስህተቱን ፈልጉ» ብላችሁ ካወጣችኋቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ምንም ስህተት የለበትም። «ዘ ዲማንድ ዛት ዘ ሚኒስተር ሪዛይን» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ሚኒስትሩ ይልቀቁ የሚለው ጥያቄ ማለት ነው፣ እናንተ ግን መልሱ ላይ ሚኒስትሩ አንድ ሰው ስለሆነ «ሪዛይንስ» መባል ነበረበት፣ ኤስ ጎድሏል ብላችሁ አረማችሁት። አልጎደለም። እኔ ሃይስኩል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼ ገጹን ይዘው መጥተው ቲቸር ጋዜጣው እንዲህ ይላል እርስዎ ደግሞ እንዲህ ይላሉ ማንን እንመን ሲሉኝ ነው ለመጻፍ የተነሳሁት፣ የአንድ ኤስ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳን በክፍል ውስጥ አስረድቼ ባለፍኩት፣ ግን ያው ችግር በሌላ መልኩ የውጭ ዜና ገጻችሁ ላይም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ከስም ቀጥሎ ዛት መጥቶ ሙሉ ሃሳብ ሲከተለው፣ ውስጥ ያለው ግስ ምን መልክ እንደሚይዝ ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ያ ስም ነው። ዲማንድ፣ ፕሮፖዛል፣ ሪከመንዴሽን፣ ሪኳየርመንት የሚባሉት ስሞች ገና ያልሆነ፣ እንዲሆን የተፈለገ ነገር ነው የሚያስከትሉት። እኛ እንዲህ አይነቱን «ይልቀቅ»፣ «ይከፈል»፣ «ይሁን» እንላለን እንጂ «ይለቃል» አንልም አይደል? እንግሊዝኛ እንደኛ ለዚህ ብቻ ተለይቶ የተሰራ የግስ መልክ ስለሌለው ባዶውን ግስ ያስቀምጣል፣ ሪዛይን፣ ፔይ፣ ቢ፣ በቃ። ኤስም የለ ኢዲም የለ። ጥያቄው የቀረበው አምና ቢሆን እንኳ ያው ሪዛይን ነው፣ ሪዛይንድ አይሆንም። አሉታ ሲሆን ደግሞ «ዘ ሪኳየርመንት ዛት ሂ ኖት ቮት» ይባላል፣ ድምፅ አይስጥ የሚለው ግዴታ ማለት ነው፣ ዳዝ የሚባል ነገር አይገባም፣ ተማሪዎቼ ይሄን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ይስቃሉ ምክንያቱም የተሰበረ እንግሊዝኛ ነው የሚመስላቸው።

አሜሪካኖቹ በብዛት የሚጽፉት እንዲህ ነው። እንግሊዞቹ «ሹድ ሪዛይን» ማለት ይወዳሉ፣ አንዳንዴም ተራውን «ሪዛይንስ» ይጽፋሉ፣ ስለዚህ ኤሱን መጨመር ለንደን ላይ ወንጀል አይደለም፣ ጎድሏል ብሎ ማረም ግን ሌላ ነገር ነው። ባዶው ግስም እንግሊዝ አገር አልሞተም። ፓርላማቸው ውስጥ ረቂቅ ሕግ ለሁለተኛ ንባብ ሲቀርብ የሞሽኑ፣ ማለትም ምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጥበት የውሳኔ ሃሳብ፣ ቃል «ዛት ዘ ቢል ቢ ናው ሬድ ኤ ሰከንድ ታይም» ነው፣ ቢ ነው እንጂ ኢዝ አይደለም፣ ይነበብ እያሉ ነዋ። እ.ኤ.አ. በ1979 የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር የጄምስ ካላሃንን መንግሥት 311 ለ310 በሆነ ድምፅ የጣለው ሞሽን ግን «ዛት ዚስ ሃውስ ሃዝ ኖ ኮንፊደንስ» እያለ ነው የሚቀጥለው። ሃዝ ከነ ኤሱ። እዚያ ላይ ምክር ቤቱ ምንም ይሁን አላለም፣ እምነት የለኝም ብሎ ያለውን ነገር ነው የተናገረው። ያው ምክር ቤት፣ ያው ዛት፣ ግሱ ግን አንዱ ጋ ምኞት ሌላው ጋ ወሬ።

ወደ ውጭ ዜናችሁ ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሰው ስም የሚያጠፋው። ሰጀስሽን የሚለው ስም ሁለት ፊት አለው። «ዘ ሰጀስሽን ዛት ሂ ቴክ ዘ መኒ» ካለ ገንዘቡን ይውሰድ የሚል ሃሳብ ቀርቧል ማለት ነው፣ እንግሊዞቹ «ሹድ ቴክ» ብለው ይጽፉታል። «ዘ ሰጀስሽን ዛት ሂ ቱክ ዘ መኒ» ካለ ግን ገንዘቡን ወስዷል እየተባለ ነው፣ ሐሜት ነው፣ ምናልባትም ክስ ነው። ይሄን ያምታታ ተርጓሚ ውሰድ የተባለውን ሰውዬ ሌባ አድርጎ ያወጣዋል፣ ወይም ተገላቢጦሽ የተጠረጠረውን ሰው ገንዘብ ሊሰጠው ነው ብሎ ይጽፍለታል። ኢንሲስተንስም እንደዛው ነው፣ «ዛት ሺ ስቴይ» ከሆነ ትቆይ ብለው ችክ አሉ፣ «ዛት ሺ ስቴይድ» ከሆነ ደግሞ የለም ቆይታለች ብለው ድርቅ አሉ ነው። አንድ ሰው በችኮላ አጀንሲ ዜና ሲተረጉም ሰጀስሽንን አይቶ «ሃሳብ» ብሎ ያልፋል፣ ግሱን አያይም፣ ዜናው ግን ያለው ግሱ ላይ ነው።

የሚብሰው ደግሞ ባለቤቱ ብዙ ሲሆን ነው። «ዘ ሰጀስሽን ዛት ዘይ ሊቭ ኧርሊ» ይላል እንበል። በጊዜ ይውጡ ነው ወይስ በጊዜ ይወጣሉ? ከዘይ ጋር ድሮም ኤስ ስለሌለ ሁለቱም አንድ መልክ ነው ያላቸው፣ ከላይና ከታች ያለውን አንብቦ ከመፍረድ ሌላ መንገድ የለም። ለዚህ ነው እኔ ተማሪዎቼን ስትጽፉ ሹድ ጨምሩበት የምላቸው፣ አሜሪካኖቹ ትንሽ ረዘመብን ቢሉም ማንም ስህተት ነው አይልም፣ ለአንባቢው ደግሞ ግልጽ ነው።

ሹድን አየሁ ተብሎ ግን ሁልጊዜ «አለበት» ተብሎ አይተረጎምም! የምለው እንዲህ አይነቱን ነው፦ «ዚ አይዲያ ዛት ኤኒዋን ሹድ ስታርቭ ኢን ሰች ኤ ሪች ካንትሪ ኢዝ ሾኪንግ»። ይሄን «እንዲህ ባለ ሀብታም አገር ሰው መራብ አለበት የሚለው ሃሳብ አስደንጋጭ ነው» ብሎ የሚተረጉም አይጠፋም፣ አንባቢው ታዲያ ሰው ይራብ ብሎ ሃሳብ ያቀረበ ጨካኝ ማነው ብሎ ይፈልጋል። ማንም አላቀረበም። ተናጋሪው የሚለው እንዲህ ባለ ሀብታም አገር ሰው ይራባል ብሎ ማሰቡ ራሱ ይዘገንናል ነው። እዚህ ላይ ሹድ ግዴታን አይደለም የሚያሳየው፣ ነገሩ እንደ ሃሳብ ተይዞ እየተገረሙበት ወይም እያዘኑበት መሆኑን ነው። ስሙ አይዲያ ወይ ኖሽን ሆኖ መጨረሻው ላይ አስገራሚ፣ አሳፋሪ፣ የማይታመን የሚል ነገር ካለ እጃችሁን ከ«አለበት» ሰብስቡ።

ዉድም አለ፣ እሱ ላይ አልቆይም። «ዘ ፕሮሚስ ዛት ታክስስ ዉድ ፎል» ታክስ ይቀንሳል ተብሎ የተገባው ቃል ነው። ዊል ነበር፣ ቃሉ የተገባው ባለፈ ጊዜ ስለሆነ ዉድ ሆነ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ግን ትምህርት ቤት ዉድን ከኢፍ ጋር ብቻ አስረው ስለሚያስጠኑት «ታክስ ይቀንስ ነበር የሚለው ቃል» ተብሎ ይወጣል፣ ይቀንስ ነበር ካልን እኮ ሳይቀንስ ቀረ እያልን ነው፣ ዜናው ግን ስለዚያ ገና ምንም አላለም።

ከሁሉም የሚያስቀኝ የፖሲቢሊቲው ነው። እንግሊዝኛ «ዘ ፖሲቢሊቲ ዛት ኢት ማይት ሬይን» ብሎ ፖሲቢሊቲንም ማይትንም አንድ ላይ ይጠቀማል፣ ሁለቱ ተደማምረው ጥርጣሬውን እጥፍ አያደርጉትም፣ ማይት ከስሙ ጋር ተስማምቶ የገባ ነው፣ የቋንቋ ሰዎችም ሞዳል ኮንኮርድ የሚሉት ይሄንን ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ግን እያንዳንዷ ተቆጥራ ትተረጎምና «ዝናብ ሊዘንብ የሚችልበት ዕድል ሊኖር እንደሚችል ተገምቷል» ይሆናል። ቁጠሩት እስቲ፣ ሊዘንብ፣ የሚችል፣ ዕድል፣ ሊኖር፣ እንደሚችል፣ ተገምቷል። ገበሬው ይሄን አንብቦ ይዝራ ወይስ ይተው? ሊዘንብ ይችላል ማለት ምን ጎደለው።

መስት ላይ ግን አማርኛችን ራሱ ያግዛል። «ዘ ኮንክሉዥን ዛት ሂ መስት ሃቭ ሌፍት» ሄዶ መሆን አለበት የሚለው መደምደሚያ ነው፣ «አለበት» እኛም ጋ ለግዴታም ለግምትም ስለሚያገለግል ተርጓሚው ሳያስበው ልክ ይወጣለታል።

አምዱን ለሚያዘጋጁት ሰው አንድ መፈተኛ ልስጥ። ዛት ያለበት ቦታ ላይ «የሚል» ወይም «የሚለው» ማስገባት ከቻሉ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይሰራል። «ዘ ፕሮፖዛል ዛት ዘ ዲል ሹድ ቢ ሪጄክትድ» ስምምነቱ ውድቅ ይደረግ የሚል ፕሮፖዛል ነው፣ «የሚል» ገባ። «ዘ ፕሮፖዛል ዛት ሹድ ቢ ሪጄክትድ» ግን ውድቅ መደረግ ያለበት ፕሮፖዛል ነው፣ «የሚል» አይገባም፣ እዚህ ዛት ስሙን ራሱን ነው የሚገልጸው፣ በዊችም ቢተካ ችግር የለውም። በዘ ዲል ምክንያት ብቻ ውድቅ የሚሆነው ነገር ሌላ ሆኖ አረፈው።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ በሚቀጥለው እትም እዚያው አምድ ላይ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ «ሪዛይን» ልክ እንደነበር አውጡልኝ፣ ከኋላ ገጽ ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል ከሆነ ልጆቹ አያዩትም፣ ከእነሱ መሀል ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚቀመጡ አሉ። ሁለተኛ ለውጭ ዜና ዴስካችሁ ሰጀስሽን፣ ኢንሲስተንስና አይዲያ የሚሉት ስሞች ሲመጡ ቀጥሎ ያለውን ግስ ሁለተኛ ሰው ይይላቸው፣ በተለይ የሰው ስምና ገንዘብ ያለበት ዜና ከሆነ።

አክባሪያችሁ፣
የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከደሴ