የታሸገ ወይስ የቧንቧ? የውሃና ጤና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የትምህርት ቤታችን ክበብ ዓመቱን የጀመረው «የታሸገ ውሃ ከቧንቧ ውሃ ይሻላል» በሚል ክርክር ነበር። ሁለቱም ወገን በርትቶ ተከራከረ፤ ውሃውን የለካ ግን አልነበረም። ስለዚህ የቀረውን ጊዜ ለልኬት አዋልነው።

አዲስ አበባ የምትጠጣው ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። የግድቡ ውሃ ዝቃጩ ረግቶ፣ በአሸዋ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት ነው ወደ መስመር የሚገባው። እንደኛ ከተማ ዳር ላለ ሰፈር ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። በፈረቃ ምክንያት መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊት ስለሚጠፋ በተሰነጠቀ ቱቦና በላላ መጋጠሚያ ቆሻሻ ይገባል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ የሆነው ለዚህ ነው፤ ኩልል እስኪል ድረስ የሚቀዳው ለወለል ማጠቢያ ይሁን።

የክሎሪን ልኬት ቀላል ነው፣ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። የመለኪያዋን ትንሽ ቱቦ በሚለካው ውሃ አለቅልቆ 10 ሚሊ ሊትር መሙላት፣ ክሎሪን ሲያገኝ ሮዝ የሚሆነውን ዲፒዲ ቁጥር 1 እንክብል በእጅ ሳይነኩ ጨምሮ ማድቀቅ፣ የወጣውን ሮዝ ቀለም ወዲያው ከሰንጠረዡ ጋር ማስተያየት። ከቆየ ቀለሙ እየደመቀ ያሳስታል። ክሎሪን እጅግ ሲበዛ ደግሞ ቀለሙን ራሱ ያነጣዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ነፃ ክሎሪን (ገና ያልተበላ፣ ጀርም መግደል የሚችል ክሎሪን) እንዲኖረው ይመክራል።

ከቆጣሪው አጠገብ የተቀዳው ደህና ሮዝ ሆነ፤ የሮቶው ፈዘዘ፤ የጀሪካኑ ምንም ቀለም አላወጣም። የታሸገውም አላወጣም፤ በዚህ ግን ተሸነፈ ማለት አይቻልም። ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ በኦዞንና በአልትራቫዮሌት ስለሚያክሙት ክሎሪን አይጠበቅበትም። ክዳኑ ተከፍቶ አፍ ከነካው በኋላ ግን የሚከላከልለት ነገር የለም። ባዶ ሃይላንድ ሳያጥቡ ደጋግሞ መሙላትም ያው ነው።

ትልቁ ሥራችን ሮቶው ነበር። ሲከፈት፣ መውጫው ከወለሉ ከፍ ስለሚል ከሥሩ ቡናማ ጭቃ ተኝቷል። ክሎሪኑን የሚበላው ይህ ጭቃ ስለሆነ ሳያወጡ በረኪና መጨመር ብክነት ነው። አባላቱ ጭቃውን ጠርገው ግድግዳውን በብሩሽ ፈገፈጉ፤ 1,000 ሊትር ውሃ ሞልተው 5 በመቶ የሆነ፣ ሽቶ የሌለው በረኪና 1 ሊትር ጨመሩ። ይህ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ይሆናል። ቧንቧዎቹም እንዲደርሳቸው ትንሽ ከፍተው ዘጉ፣ 24 ሰዓት አቆዩትና አፈሰሱት። በረኪናን ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የትርፍ ውሃ መውጫውን በወንፊት ሽቦ ሸፈኑት። በቀጣዩ ሙሌት የሮቶው ውሃ ሮዝ ሆነ።

ለጀሪካን «ውሃ አጋር» የተባለው የክሎሪን ፈሳሽ ይበቃል፦ ለ20 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጠርሙሱ ክዳን 1 ክዳን፣ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ። ድፍርስ ከሆነ በቅድሚያ በጨርቅ ይጠለል። ማፍላት ለሚመርጥ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

እንክብሎቹና መለኪያው በቤተ ሙከራው ቁም ሳጥን ይገኛሉ። ወላጆች ከጀሪካናቸው ቀድተው በተማሪዎቹ እጅ ቢልኩ አባላቱ በዕለቱ ይለኩላቸዋል።