መጀመሪያ ማሽኑን ጠይቁ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የቴክኖሎጂ አምዳችሁ ብሮውዘሮችን (የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻዎችን) አወዳድሮ ክሮም ለሁሉም ይሆናል ማለቱን አነበብኩ። ለየትኛው ኮምፒውተር?

እኔ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማሽኖቼ ያረጁ ናቸው። ራማቸው (ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ማህደረ ትውስታ) 2 ጊጋ ነው፣ የሚሠሩትም በዊንዶውስ 7። ክሮም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ዊንዶውስ 7ን ትቶታል። የመጨረሻው ስሪት 109 ነው። ከዚያ ወዲህ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ የሚደፍንለት የለም። አዲስ ኮምፒውተር ግዢ ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ ዋጋውን ጠይቃችሁ ኑ።

ስለዚህ የጫንኩት ፋየርፎክስ የተባለውን ብሮውዘር ነው። 115 የተባለው የረጅም ጊዜ ስሪቱ፣ ክሮም ከተወን በኋላም ለዊንዶውስ 7 የደህንነት ማሻሻያ ሲያገኝ ቆይቷል።

አምደኛው ፍጥነት፣ ፍጥነት ብቻ ይላል። ኤጅ፣ ኦፔራና ብሬቭ የሚባሉት ብሮውዘሮችም እኮ የተሠሩት ክሮም በተሠራበት፣ ክሮሚየም በተባለው መሠረት ላይ ነው። ኤጅ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደዚያው ገብቷል። ታዲያ በፍጥነት ምን ያህል ይራራቃሉ? እኔ ቤት ግን ከፍጥነቱ የሚብሰው ሌላ ጣጣ ነው። ደንበኛ ኢሜይሉን ይከፍታል፣ ሲቪውን ፕሪንት ያስደርጋል፣ ሒሳቡን ከፍሎ ውልቅ ይላል። ኢሜይሉ እንደተከፈተ ነው! ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው የማያውቀውን ሰው ደብዳቤ ፊቱ ላይ ያገኛል። አንዳንዱ ይዘጋዋል፣ አንዳንዱ ያነበዋል። አሁን ብሮውዘሩ በተዘጋ ቁጥር ኩኪውን ሁሉ፣ ማለትም ገጹ ማን እንደገባ የሚያስታውስበትን መረጃ፣ እንዲያጠፋ አድርጌዋለሁ። ሌሎቹም ላይ ይህ ማስተካከያ አለ፤ ግን ስለሱ አንድ መስመር እንኳ አልጻፋችሁም። ኮምፒውተር የጋራ የሆነበት አገር እኮ ነው።

ስለ ስልክም ጥቂት ልበል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ኦፔራ ሚኒ ይወዳሉ፣ አልፈርድባቸውም። ገጹን በራሱ ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ጨምቆ ስለሚልከው ጥቅል ይቆጥባል። ችግሩ፣ ቁጠባው ከፍ ሲል አንዳንድ ቅጽ አይሠራበትም። አንዱ ልጅ የሥራ ማመልከቻ ሞልቶ «ላክ» የሚለውን ቢጫን ቢጫን እምቢ ብሎት እኔ ጋ መጣ። ቁጠባውን አጠፋንለት፣ ሄደለት። ለንባብ ኦፔራ ሚኒ፣ ለቅጽና ለባንክ ሌላ ብሮውዘር ብትሉት ይህ ሁሉ ባልደረሰበት።

በሚቀጥለው ስታወዳድሩ 2 ጊጋ ራም ባለው ማሽን ላይም ሞክሩት። ቢሯችሁ ውስጥ ከሌለ ሐዋሳ ብቅ በሉ፣ እኔ ጋ ሞልቷል።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሐዋሳ