የኛ ሴቶችም ጥናቱ ውስጥ ይግቡ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጤና ገጻችሁን ሁሌ ነው ማነበው፣ ዛሬ የጻፍኩላችሁ ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው። ለማያውቀው ባጭሩ፣ የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጪ፣ አንጀት ላይ፣ ፊኛ ላይ፣ እንቁልጢው (የሴቷ እንቁላል ማፍሪያ) ላይ ይበቅልና በየፔሬዱ ያቆስላል፣ ህመሙ ከባድ ነው፣ አንዳንዷን ልጅ እንዳትወልድ እስከ መከልከል ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ እድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚሆኑት አለባቸው ይላል።

እኔ አምባሳደር አካባቢ ልብስ ነው ምሸጠው፣ አብራኝ ምትሰራ ልጅ ፔሬዷ ሲመጣ ከመደርደሪያው ጀርባ ካርቶን ላይ ተጣጥፋ ትተኛለች፣ ላብ በላብ ትሆናለች፣ ደንበኛ ሲገባ ደሞ ተነስታ ሱሪ ከመደርደሪያ ታወርድለታለች። ክሊኒክ ስትሄድ አንዴ ታይፎይድ፣ አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ የሽንት ኢንፌክሽን ተብላ ዲክሎፌናክ ሚባል ማስታገሻ ተወግታ ትመለሳለች፣ ሰፈር ደሞ ብርድ ነው ስትወልጂ ይተውሻል ይሏታል። ህመሙ ከፔሬዷ ጋር እንደሚመጣ አንድም ሰው ካርዷ ላይ አልጻፈም። በሽታዋ ይሄ ነው እያልኩ አይደለም፣ እኔን ሚያንገበግበኝ ማንም አለመጠየቁ ነው።

ይሄ ከውጪ ጥናት ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ኦክስፎርድ የመራውና ብዙ አገር የተሳተፈበት ትልቅ የዘረመል (የጂን) ጥናት 60,674 በሽታው ያለባቸውን ሴቶች ከ701,926 ከሌለባቸው ጋር አስተያይቶ ከበሽታው ጋር ሚያያዙ 42 የዘረመል ቦታዎች አግኝቷል፣ ትልቅ ስራ ነው፣ ግን የሴቶቹ ዘር ከአውሮፓና ከምስራቅ እስያ ነው። ነገ አዲስ መድሃኒትም ምርመራም ሚሰራው እንደዚህ ካለ ጥናት ተነስቶ ነው እና የኛዎቹ የሉበትም። ያልተመረመረች ሴት ጥናት ውስጥ አትገባም፣ ጥናት ውስጥ ካልገባች ደሞ በሽታው አፍሪካ ውስጥ ብዙም የለም ይባላል፣ ለብዙ ዘመንም እንደዛ ሲባል ነው የኖረው። አይቻልም እንዳይባል በ2011 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው በ10 አገር 1,418 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ውስጥ ናይጄሪያ ነበረችበት፣ እሱ ላይ ሴቶቹ በሽታቸው እስኪታወቅ በአማካይ 6.7 ዓመት እንደፈጀ ታይቷል።

የዓለም ኢንዶሜትሪዮሲስ ምርምር ፋውንዴሽን ሁሉም አገር አንድ አይነት መጠይቅና የናሙና አያያዝ እንዲጠቀም ብሎ ያስተባበረው ስራም አለ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፣ ለተመራማሪ በነጻ ነው። እሱን ወደ አማርኛና ኦሮምኛ መልሶ ሴቷን ለብቻዋ አስቀምጦ መጠየቅ፣ ህመሙ ፔሬድሽ ከመምጣቱ ስንት ቀን በፊት ይጀምርሻል፣ ሽንት ቤት ስትቀመጪስ፣ ከባልሽ ጋር ስትሆኚስ፣ ከስራ ከትምህርት ስንት ቀን ቀረሽ ብሎ መጻፍ ነው። ማሽን የለንም ሚለውም አይዋጥልኝም፣ የአውሮፓ የስነ ተዋልዶ ህክምና ማህበር (ESHRE) ራሱ በ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያው የግድ በላፓራስኮፒ (ሆድ ላይ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ በማየት) ካልተረጋገጠ ማለቱን ትቶ በምልክቱ ህክምና መጀመር ይቻላል ብሏል።

ጳውሎስ ሆስፒታል ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በስነ ተዋልዶ ጤና ሲሰራ ቆይቷል፣ የመካንነት ህክምናም ይሰጣል፣ ልጅ እምቢ ብሏቸው እዛ ከሚሄዱት ሴቶች መጀመር ይቻል ነበር። ግን ያቺ ሴት ብዙ ዓመት ታማ ነው እዛ ምትደርሰው፣ ስለዚ ሞዴስ በቦርሳዋ ይዛ ከክፍል ምትቀረዋም ተማሪ ትጠየቅ። ደሞ ከውጪ ሚመጡት ደም ወስደው ብቻ እንዳይሄዱ፣ ሐኪሞቻችንን አልትራሳውንዱንም ላፓራስኮፒውንም አሰልጥነው፣ ጥናቱ ላይ ስማቸው ገብቶ፣ ውጤቱ ደም ለሰጠችው ሴት ይነገራት።

ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም ያላችሁ የማህፀን ሐኪሞች ይሄን ካያችሁት እባካችሁ እዚሁ ጋዜጣ ላይ መልሱልን፣ እንዲህ ያለ ጥናት እዚህ ተጀምሯል ወይ፣ አንዲት ልጅ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ለማጻፍ ምን ብላ ትንገራቸው፣ የትኛው ክፍል ትሂድ።

አንባቢያችሁ፣ ከአምባሳደር አካባቢ