ሥልጠናው ማሽኑን ለሚነካው ሰው ይሰጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ውሃ በሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ የሺፍት ኃላፊ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የሠራተኛ ሥልጠና በተነሳ ቁጥር የምንሰማው "በጀት የለም" ነው። እኔ ያየሁት ችግር ግን ሌላ ነው። ብሩ ወጥቶም ሥልጠናው ሥራውን ለሚሠራው ሰው አይደርስም።

አምና አዲስ የሌብል መለጠፊያ ማሽን ገባልን። የውጭ ቴክኒሺያኖች መጥተው አሥር ቀን አሠለጠኑ። ደብተር ይዘን የከበብናቸው እኛ ኃላፊዎቹ ነን። ኦፕሬተሮቹ "ምርት እንዳይቆም" ተብሎ አሮጌው ማሽን ላይ ቀሩ። ሰዎቹ በሄዱ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ሌሊት፣ ማሽኑ ቀጥ አለ። መብራቱ በርቷል፣ ጠርሙሱ ይመጣል፣ ሌብሉ ግን አይወጣም። ስልክ ደወልን፣ ገመድ ፈታን፣ መልሰን አሰርን፤ ሦስት ቀን ሙሉ መኪኖቹ ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ሹፌሮቹ ጥላ ፍለጋ ከሥራቸው ተኝተው ዋሉ። በመጨረሻ አንዲት የሌሊት ኦፕሬተር ጎንበስ ብላ አየችው። ጠርሙስ መምጣቱን የሚለየው ሴንሰር፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል መስታወት፣ ሙጫ ሸፍኗታል። ጨርቅ አልኮል ነክራ ጠረገችው። ሠራ።

ስለዚያ ሴንሰር እኔ ደብተሬ ላይ ጽፌ ነበር። በእጄ ስላልሠራሁት ግን ጠፋብኝ። እሷ ከመጀመሪያው እዚያ ብትቆም ኖሮ ሦስቱ ቀን ባልባከነ።

አሠሪዎች "ካሠለጠንኩት ጥሎኝ ይሄዳል" ይላሉ። እውነት ነው፣ የሚሄድ አለ፤ ከእኛ ጋር የሠለጠነው ኤሌክትሪሺያን የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ በስምንተኛው ወር ለቀቀ፣ ማን ይፈርድበታል? እኔን የቆጨኝ የተማረውን ይዞ መሄዱ ነው። ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ከሥልጠናው ማግስት "ና፣ ሁለት ሰዓት ማሽኑ አጠገብ ቆመህ ለሌሎቹ አሳያቸው" ያለው ሰው የለም።

አገራችን ውስጥ ይህን ቀድሞ የገባው ድርጅት አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካው አየር መንገድ በቲ.ደብሊው.ኤ እገዛ ሲቋቋም አብራሪዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። በ1956 የራሱን ማሠልጠኛ ከፈተ፤ በ1971 ደግሞ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። ዛሬ ከሌሎች የአፍሪካ አገራት የሚመጡ ወጣቶች ሳይቀሩ እዚያ አብራሪና ቴክኒሺያን ይሆናሉ። የእኛ ፋብሪካ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ይክፈት አልልም። ማሽኑን የሚነካው ሰው በማሽኑ ላይ ይማር፣ የተማረውም ያስተምር፤ ጥያቄዬ ይህን ያህል ነው።

ሰሞኑን ሁለተኛ ማሽን እየመጣ ነው ተብሏል። የሠልጣኞቹ ዝርዝር ገና አልወጣም። አለቆቼ ይህን ካነበቡ፣ የሌሊት ኦፕሬተሮቹን ስም ከላይ ያስፍሩልን።

የሺፍት ኃላፊው፣ ስሜ ይቆይልኝ