«አትንኩት» አትበሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አዲስ አበባ ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። መንገድ ላይ ድንገት የወደቀ ሰው ብዙውን ጊዜ እኛ ጋ የሚመጣው በላዳ ነው። ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ደግፎት፣ ቁጭ ብሎ። «ምን አደረጋችሁለት?» ስል ውሃ ረጨንበት፣ ክብሪት አሸተትነው ይሉኛል። ደረቱን የነካ የለም።

ልቡ የቆመን ሰው ክብሪት አይቀሰቅሰውም። ግን ለምን እንደሚሳሳቱ ይገባኛል። ልብ ስትቆም ሰውነት ለጥቂት ሰከንድ ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል የሚጥል በሽታ ይመስላል። ቀጥሎ አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ይሰማል። «ተመስገን፣ ይተነፍሳል» ተብሎ ይተዋል። እሱ ትንፋሽ አይደለም። ጠርታችሁት ካልመለሰ፣ በወጉም ካልተነፈሰ፣ ደረቱን መጫን ጀምሩ።

መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት። አንዱን መዳፍ ደረቱ መሀል፣ ሌላውን በላዩ አድርጉ። ክርናችሁን ሳታጥፉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ተጫኑ፣ ልቀቁ፣ ድገሙ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሲደክማችሁ ሌላ ሰው ይተካችሁ። አንዱ አምቡላንስ ለመጥራት 907 ይደውል። አፍ ለአፍ መተንፈስ የግድ አይደለም። የጎድን አጥንት ቢሰበርስ? ይሰበር፣ ይገጥማል።

ደም ያጣ አንጎል ከ4 ወይም 5 ደቂቃ በኋላ መጎዳት ይጀምራል። ከመገናኛ ተነስቶ፣ በዚያ ትራፊክ፣ በ4 ደቂቃ የሚደረስበት ሆስፒታል አላውቅም። የዴንማርኩን እግር ኳስ ተጫዋች ኤሪክሰንን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዴንማርክ ከፊንላንድ ስትጫወት ልቡ ቆሞ ወደቀ። ደረቱን መጫን የጀመሩት እዚያው ሣሩ ላይ ነው፤ በኋላ ለማንቸስተር ዩናይትድ ሲጫወት አይተነዋል።

«ተወው፣ ጣጣ ታመጣለህ» የሚል ሰው ከየትም አይጠፋም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 የሚያስቀጣው ግን በራሱ ላይ አደጋ ሳይመጣበት መርዳት እየቻለ፣ በሞት አፋፍ ያለን ሰው እያወቀ ትቶ መሄድ ነው።

የሰፈራችን እድር ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ብረት ድስት አለው። ሁሉም የሚወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ግማሽ ሰዓት ስጡኝ ብያለሁ። የልምምድ አሻንጉሊት ስለሌለኝ ትራስ ይዤ እሄዳለሁ። ሊቀመንበሩ ጋሼ ፈቅደዋል፤ ግን ከወር መዋጮው በፊት ይሁን አሉ፣ ከከፈለ በኋላ ማን ይቀመጣል ብለው።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ ከየካ